ስለ ትራንስጀንደር ታሪክ የተጻፉ የቆዩ የጋዜጣ ቁራጮችን ለይቶና አረጋግጦ የማስቀመጫ መመሪያ

«አንድ ካርቶን ሙሉ የጋዜጣ ቁራጭ እጄ ገብቷል። ወንድ ሆነው ስለኖሩ ሴቶች፣ የሴት ልብስ ለብሰው ፖሊስ ስለያዛቸው ወንዶች፣ ፆታቸውን በሕክምና ስለለወጡ ሰዎች የሚያወራ ነው። ግማሹ ቀን የለውም፣ አንዳንዱ ሲነኩት ይፈረፈራል። ከየት ልጀምር?»

ስለ ትራንስጀንደር፣ ማለትም ሲወለዱ ከተባሉት በተለየ ፆታ ስለሚኖሩ ሰዎች፣ የሚነሳው ይህ ጥያቄ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚያዘጋጁ ተማሪዎችና ውጭ አገር ባሉ ቤተ መዛግብት በበጎ ፈቃድ ከሚያገለግሉ ሰዎች በየጊዜው ይመጣል። አብዛኛው ጠያቂ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ፕላስቲክና ስለ ስካነር ነው። ሥራው ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። የትኛው ጋዜጣ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ገጽ እንዳወጣው ያልታወቀ ቁራጭ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀመጥ ማንም ሊጠቅሰው አይችልም።

ምሳሌዎቹ የአሜሪካና የእንግሊዝ ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ቁራጮች በብዛት የታተሙትም የተሰበሰቡትም እዚያ ነውና። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ ለምሳሌ «ታኅሣሥ» ሲባል ዲሴምበር ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ከአሲድ ነፃ የሆኑ ፎልደሮችና ክዳን ያለው ካርቶን። ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት ቢሆን ይመረጣል፤ ከጋዜጣው የሚወጣውን አሲድ እየተቀበለ ያረክሰዋል።
• ከአሲድ ነፃ የሆነ ነጭ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ።
• ግልጽ የፖሊስተር ከረጢት (ማይላር ወይም ሜሊኔክስ)፣ በጣም ለተጎዱት ብቻ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛው ለስላሳ፣ ሽታ ያለው ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ይነቅላል።
• ኤችቢ ወይም 2ቢ እርሳስ። እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ላይ ይነሳ።
• ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀጭን የብረት ስፓቱላ፣ ማጉያ መነጽር፣ ማስመሪያ።
• ጠፍጣፋ ስካነር። ወረቀት እየጎተተ የሚያስገባው ዓይነት የቆየ ጋዜጣን ይቀድዳል።
• አንድ ትልቅ ጥቁር ወረቀት (ጥቅሙ ደረጃ 7 ላይ ተጽፏል)።
• ሁለት ሃርድ ዲስክ።

የጨርቅ ጓንት አያስፈልግም። ጣት ስሜቱን ሲያጣ የተሰነጠቀው ጠርዝ ይያዝና ይቀደዳል። እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ

ካርቶኑ ሲከፈት እንዳለ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ጥቅል እንደታሰረ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ሰብሳቢው ቁራጮቹን ያስቀመጠበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው፤ ቀን የሌለው ቁራጭ በሁለት ቀን ባላቸው መካከል መገኘቱ ብቻ ፍለጋውን ከሃያ ዓመት ወደ ሁለት ወር ሊያጠበው ይችላል።

በደብተር ላይ የተለጠፈ ስብስብ ከሆነ ቁራጮቹን አትንቀሉ። በዚህ ዘርፍ ከታወቁት ስብስቦች አንዱ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ትኖር የነበረችው ሉዊዝ ሎውረንስ ያጠናቀረችውና ዛሬ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ኪንዚ ተቋም የሚገኘው፣ ዋጋው ከቁራጮቹ እኩል በአሰባሰቡ ላይ ነው። ማን ምን ዓይነት ዜና እንደፈለገ፣ ምን ከምን አጠገብ እንዳስቀመጠ የሚታየው ገጹ ሳይበተን ሲቀር ነው።

ደረጃ 2፦ ብረቱን፣ ላስቲኩንና አቧራውን አስወግዱ

አግራፍ ዝጎ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ ጎትታችሁ አታውጡ። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ በመዳፍ ይዛችሁ አጭሩን ክንፍ በስፓቱላ ቀስ ብላችሁ አንሱት። የስቴፕለር ሽቦ ሲሆን ገልብጡትና እግሮቹን አቅኑ፣ ከዚያ ከፊት በኩል ይወጣል። የስቴፕለር መንቀያ መሣሪያ አትጠቀሙ። የደረቀ የብር ላስቲክ በስፓቱላ ተፈንቅሎ ይነሳል፤ ያልተነሳው ይቅር። የቢጫ ስኮች ቅሪትም እንዲሁ ይቅር።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቁራጩ አናት ላይ የተለጠፈች ትንሽ የታተመች ወረቀት ካለች አትንኳት። የጋዜጣ ቁራጭ ለደንበኞች እየሰበሰቡ ይሸጡ የነበሩ እንደ ሮማይክና በሬልስ ያሉ ድርጅቶች ምልክት ናት። የጋዜጣው ስም፣ ከተማውና ቀኑ ብዙውን ጊዜ ያሉት እሷ ላይ ብቻ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመበት ዓመትም አብሮ ሊታተም ስለሚችል እሱን የዜናው ቀን አድርጋችሁ እንዳትመዘግቡ።

ደረጃ 3፦ ቀንና ጋዜጣ የሌለውን ቁራጭ ለዩ

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። በጥድፊያ ከታለፈ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ግምት ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። የሰበሰበው ሰው የፈለገው ፊቱን ስለሆነ ጀርባው እንደ ዕድሉ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ የፊልም ማስታወቂያ፣ የአየር ትንበያ፣ የስፖርት ውጤት፣ የአክሲዮን ዋጋ። የቤዝቦል ጨዋታ ውጤት ካለ ቀኑ በቀጥታ ይገኛል። የፊልም ማስታወቂያ ወሩን፣ የሱቅ ማስታወቂያ ደግሞ ከተማውን ይነግራል።

ቀጥሎ እነዚህን ምልክቶች ፈልጉ፦

• የዜና ወኪሉ ስም። በአሜሪካ ቁራጭ ላይ «ዩፒ» ወይም «አይኤንኤስ» ካለ ከግንቦት 1958 በፊት፣ «ዩፒአይ» ካለ ከዚያ በኋላ የታተመ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች የተዋሐዱት በዚያ ወር ነው። «ኤፒ» ግን ለረጅም ጊዜ ስላገለገለ አይረዳም።
• አድራሻ። በአሜሪካ ማስታወቂያ ውስጥ ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ከተጻፈ ከ1943 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ባለ አምስት አኃዙ ዚፕ ኮድ የተጀመረው በሐምሌ 1963 ነው።
• ዋጋ። በእንግሊዝ ቁራጭ ላይ ሺሊንግ ካለ ከየካቲት 15 ቀን 1971 በፊት ነው፤ በዚያ ዕለት ገንዘቡ ወደ መቶኛ ተቀይሯል።
• ወረቀቱ ራሱ። ከ1870ዎቹ ወዲህ የጋዜጣ ወረቀት በአብዛኛው ከተፈጨ እንጨት መሠራት ጀመረ። ውስጡ የሚቀረው ሊግኒን ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱን ያቢጫል፣ ያደርቃል። የ1840ዎቹ ቁራጭ ከ1940ዎቹ ይልቅ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ብታገኙት አትጠራጠሩ፤ የተሠራው ከጨርቅ ነው።

በዜናው መጀመሪያ «ለንደን፣ ጥር 5» የሚል ከሆነ ያ ቀን ዜናው የተላከበት እንጂ ጋዜጣው የወጣበት አይደለም። በቴሌግራፍ ዘመን ልዩነቱ አንድ ቀን ይሆናል፤ በፖስታ መርከብ ዘመን ግን ሳምንታት። የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበሩት ጄምስ ባሪ ያረፉት ሐምሌ 25 ቀን 1865 ነው። ሲወለዱ ሴት ተብለው እንደነበር የሚገልጸው ዜና በአየርላንድና በእንግሊዝ ጋዜጦች የወጣው በነሐሴ ሲሆን፣ የቅኝ ግዛት ጋዜጦች ያተሙት ከዚያም ዘግይተው ነው። ሦስቱንም በአንድ ቀን የመዘገበ ሰው ማን ከማን እንደገለበጠ የማወቅ ዕድሉን ያጣል።

በግምት የተገኘን ቀን በትልቅ ቅንፍ ጻፉት፣ ለምሳሌ [1955 ገደማ]፣ ምክንያቱንም አጠገቡ። ማብራሪያ የሌለው ግምት ሌላ ሰው እጅ ሲገባ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ሙሉውን ገጽ አግኙ

ቁራጭ ከገጹ ተነጥሎ ሲታይ ያታልላል። ያው ዜና በፊት ገጽ መውጣቱና በገጽ 14 ከሳሙና ማስታወቂያ ሥር መወተፉ ትርጉሙ አንድ አይደለም። ስለዚህ በዲጂታል ጋዜጦች ውስጥ ፈልጉት፦

• ክሮኒክሊንግ አሜሪካ፦ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ እስከ 1963 ያሉ ጋዜጦች፣ ነፃ።
• ትሮቭ፦ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ነፃ። አብዛኞቹ ጋዜጦች እስከ 1954 ናቸው። ተጠቃሚዎች የተሳሳተ ንባብ ስለሚያርሙ የፍለጋ ውጤቱ ይሻላል። የእንግሊዝ ዜና እንደገና ታትሞ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ በክፍያ የሚታየውን እዚህ በነፃ ታገኙታላችሁ።
• ፔፐርስ ፓስት፦ የኒውዚላንድ፣ ነፃ።
• ብሪቲሽ ኒውስፔፐር አርካይቭ፦ መፈለግ ነፃ ነው፣ ገጹን ማየት በአብዛኛው በክፍያ።
• ዲጂታል ትራንስጀንደር አርካይቭ፦ ከብዙ ተቋማት የተሰበሰበ፣ ነፃ። በአንድ ቁራጭ ከመድከማችሁ በፊት እዚህ ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ።

ደረጃ 5፦ በዘመኑ ቃል ፈልጉ

«ትራንስጀንደር» ብሎ የ1901 ጋዜጣ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ቃሉ በጋዜጦች የተለመደው በ1990ዎቹ ነው። ፍለጋችሁን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ በዘመን ከፍሉት፦

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወንድ ሆኖ ሚስት ላገባ ሰው «ፊሜል ሃዝባንድ» (female husband)፣ በወንድ ልብስ ለተገኘች «ኢን ሜል አታየር» (in male attire)፣ በፖሊስ ዜና «ማስከሬዲንግ» (masquerading፣ ሌላ መስሎ መቅረብ)። ሴት ወይም ወንድ መስለው ለሚጫወቱ የመድረክ ሰዎች «ፊሜል ኢምፐርሶኔተር» (female impersonator) እና «ሜል ኢምፐርሶኔተር» (male impersonator)። «ትራንስቬስታይት» (transvestite፣ የተቃራኒ ፆታ ልብስ የሚለብስ) የሚለውን ቃል በ1910 በጀርመንኛ ያወጣው ሐኪሙ ማግኑስ ሂርሽፌልድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ የተለመደው ግን ቆይቶ ነው። «ሴክስ ቼንጅ» (sex change፣ ፆታ መለወጥ) ከ1952 መጨረሻ ጀምሮ ይጎርፋል። «ትራንስሴክሹዋል» (transsexual) ደግሞ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ይበዛል።

ኮምፒውተሩ የደበዘዘ ፊደል ሲያነብ ስለሚስት በአንድ ቃል አትወሰኑ። ረጅም ቃል በአንድ ፊደል ስህተት ይጠፋል፤ ሁለት አጫጭር ቃላትን በአሥር ቃል ርቀት ውስጥ መፈለግ የበለጠ ያመጣል። የሰውን ስም ስትፈልጉም በሁለቱም ስም፣ በተሳሳተ አጻጻፍም ሞክሩ።

የፖሊስ ፍርድ ቤት ዓምዶችን አትዝለሉ። የአሜሪካ ከተሞች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቃራኒ ፆታ ልብስ መልበስን የሚከለክል ደንብ ማውጣት ጀምረው ነበር፤ ኮሎምበስ በ1848፣ ቺካጎ በ1851፣ ሳን ፍራንሲስኮ በ1863። የሳን ፍራንሲስኮው እስከ 1974 ቆይቷል። በደንቡ የተያዙ ሰዎች ዜና አምስት ስድስት መስመር ብቻ ሆኖ በሰካራሞችና በኪስ አውላቂዎች መካከል ይገኛል፣ ብዙውን ጊዜ ርዕስ እንኳ የለውም።

ደረጃ 6፦ ጋዜጣው ያለውንና የተረጋገጠውን ለዩ

ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ይኑሩ፤ አንዱ «ጋዜጣው እንደሚለው»፣ ሌላው «በሌላ ሰነድ የተረጋገጠ»። ጋዜጣው እንዲህ ያለ ዜና የሚያትመው ለማስደነቅ ነበርና ዕድሜ፣ የሚስት ብዛት፣ የመጨረሻ ኑዛዜ ሁሉ ሊጋነን ይችላል።

ማረጋገጫው የሚገኘው በሞት ምስክር ወረቀት፣ በሕዝብ ቆጠራ፣ በፍርድ ቤትና በጡረታ መዝገብ ነው። ለምሳሌ አልበርት ካሺየር በኢሊኖይ 95ኛ እግረኛ ሬጅመንት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ወታደር ነበሩ። ሲወለዱ ሴት ተብለው እንደነበር በ1913 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ እጅግ ብዙ ቅጂ ታተመ። ጠንካራው መረጃ ግን የጡረታ ፋይላቸው ነው፤ ቢሮው ምርመራ አድርጎ የተዋጉት ራሳቸው መሆናቸውን ተቀብሏል። ካሺየር በ1915 ሲያርፉም በወታደራዊ ክብር ተቀብረዋል።

ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንድ፣ የተገለበጠ ዜናን እንደ ብዙ ምስክር መቁጠር። አንድ የኤፒ ዜና በሃያ ጋዜጣ ቢወጣ ምስክሩ አንድ ነው። ጽሑፎቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ረጅሙን ለዩ፤ አጫጭሮቹ ከእሱ የተቆረጡ ናቸው።

ሁለት፣ «የመጀመሪያው» የሚለውን ማመን። የኒው ዮርኩ ዴይሊ ኒውስ ታኅሣሥ 1 ቀን 1952 ስለ ክሪስቲን ጆርገንሰን በፊት ገጹ ካወጣ በኋላ ብዙ ጋዜጦች ፆታዋን በቀዶ ሕክምና የለወጠች የመጀመሪያዋ ሰው አድርገው ጽፈዋል። ሊሊ ኤልቤ በጀርመን ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምናዎች ያደረገችው በ1930 እና በ1931 ነበር።

ሦስት፣ ልብሱን ብቻ አይቶ ሰውን መመደብ። በታኅሣሥ 1848 ኤለን ክራፍት እንደ ነጭ ባለርስት ወንድ ለብሳ ከባሏ ከዊልያም ጋር ከጆርጂያ ባርነት ወደ ፊላደልፊያ አመለጠች፤ ልብሱ ማምለጫዋ ነበር። ጁሊያን ኤልቲንጅ የሴት ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ የሚጫወት ዝነኛ ተዋናይ ነበር፤ ልብሱ እንጀራው ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 1870 በለንደን ከስትራንድ ቴአትር ሲወጡ የተያዙት ቦልተንና ፓርክ ደግሞ በመድረክም በአደባባይም የሴት ልብስ ይለብሱ ነበር፤ በ1871 ነፃ ተለቀዋል። እነዚህን ሁሉ «ትራንስጀንደር» በሚል አንድ ፎልደር መጠቅለል ቀላል ነው፤ ግን ለሚቀጥለው አንባቢ ሐሰት ማውረስ ይሆናል። የሚታየውን ድርጊት ጻፉ፦ መድረክ፣ ሽሽት፣ ውትድርና፣ በፖሊስ መያዝ፣ ዕድሜ ልክ የዘለቀ ኑሮ፣ ሕክምና። የሰውየው የራሱ ቃል ካለ በራሱ ቃል ይመዝገብ።

ደረጃ 7፦ ስካን አድርጉ

ጥቁሩን ወረቀት ከቁራጩ ጀርባ አድርጉ። ነጭ ክዳን ብርሃኑን ስለሚመልሰው የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይዘልቃል፤ ጥቁር ያንን ያስቀራል። ለጽሑፍ በኢንች 400 ነጥብ፣ ፎቶ ላለው 600፣ ሁልጊዜ በቀለም። በጥቁርና ነጭ ከተነሳ የወረቀቱ መቢጨት፣ የእርሳስ ማስታወሻውና የማኅተሙ ቀለም አብረው ይጠፋሉ።

የጋዜጣ ፎቶ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ስለሆነ በስካን ላይ ሞገድ የመሰለ ጥለት ሊታይ ይችላል። ዋናውን ፋይል በማለስለሻ ፕሮግራም አትንኩት፤ ለማሳያ በሚዘጋጀው ቅጂ ላይ ብቻ አለስልሱ። ዋናው በቲፍ፣ ማሳያው በጄፔግ ወይም በፒዲኤፍ ይሁን። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፣ ባዶ ቢመስልም።

የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ጀምሩ፣ ለምሳሌ 1952-12-01፤ ከዚያ የጋዜጣው ምህፃረ ቃል፣ ገጽና ተራ ቁጥር ይከተላል። ሲደረደር በራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይቆማል።

ደረጃ 8፦ መዝግቡ

በኤክሴል ሰንጠረዥ መጀመር ይበቃል። ዓምዶቹ፦ ተራ ቁጥር፣ የጋዜጣው ስም፣ ከተማ፣ ቀን፣ ገጽ፣ የጋዜጣው ዓምድ፣ ርዕስ እንደታተመ፣ ጸሐፊ ወይም የዜና ወኪል፣ ሰውየው ራሳቸውን የጠሩበት ስም፣ ጋዜጣው የጠራቸው ስም፣ አጭር ይዘት፣ የማረጋገጫ ሁኔታ፣ የመዝገብ ቃላት፣ የወረቀቱ ይዞታ።

ርዕሱ ስድብ ቢኖርበትም ሳይታረም ይገለበጣል፤ አጭር ይዘቱ ግን የእናንተ ቃል ነው። ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ይታያል። ሙሬ ሆል ታማኒ ሆል በተባለው የኒው ዮርክ የፖለቲካ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ጥር 16 ቀን 1901 ዓረፉ። ኒው ዮርክ ታይምስ ጥር 19 ያወጣው ርዕስ ብዙ ብልህ ሰዎችን አታለሉ የሚል ነው። «አታለሉ» የጋዜጣው ፍርድ ነውና በርዕስ ዓምድ ብቻ ይቀመጥ። ወደ አጭር ይዘት ስትመጡ «ለዓመታት በወንድነት የኖሩ፣ በምርጫ ድምፅ ይሰጡ የነበሩ የታማኒ ሆል አባል፤ ሲወለዱ ሴት መባላቸው የታወቀው ሲሞቱ ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ማታለል የሚለው ወደ እናንተ ዓረፍተ ነገር ሾልኮ ከገባ ጋዜጣው በ1901 ያደረገውን በራሳችሁ እጅ ደገማችሁት ማለት ነው።

በአማርኛ ማስታወሻ ስትይዙ ግሱ ራሱ ወንድ ወይም ሴት እንድትሉ ያስገድዳችኋል። የሰውየው ፍላጎት ከታወቀ እሱን ተከተሉ፤ ጆርገንሰን «እሷ» ናት። ካልታወቀ የአክብሮቱን አነጋገር ተጠቀሙ፦ ኖሩ፣ ሠሩ፣ ዓረፉ። ፆታ ሳይለይ ይዘልቃል፣ አንባቢንም አያደናግርም።

በቀን ዓምድ ውስጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አትቀላቅሉ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1952 በእኛ ኅዳር 22 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ አንዱ ረድፍ በዚህ ሌላው በዚያ ከተጻፈ ሰንጠረዡ ይበላሻል። አስፈላጊ ከሆነ ሁለተኛ ዓምድ ክፈቱ።

ለመዝገብ ቃላት ሆሞሶረስ የተባለው፣ ለዚሁ ዘርፍ የተዘጋጀ ነፃ የቃላት ዝርዝር አለ። ከራሳችሁ ቃል ከመፍጠር እሱን መጠቀም ስብስባችሁን ከሌሎች ተቋማት መዝገብ ጋር ያገናኛል።

ደረጃ 9፦ አስቀምጡ

ቁራጩን ዘርግታችሁ ከአሲድ ነፃ በሆኑ ሁለት ወረቀቶች መካከል አድርጉ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ከ10 እስከ 15 አይበልጥ። ከፎቶግራፍ ወይም ከደብዳቤ ጋር አታነካኩት፤ የጋዜጣ አሲድ ወደ አጠገቡ ወረቀት ተሻግሮ ቡናማ ጥላ ይተዋል። ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ፣ እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ኮርኒስና ምድር ቤት ለዚህ አይሆኑም።

ወረቀት ላይ መጻፍ ካስፈለገ በእርሳስ፣ በመጠቅለያው ላይ። ዲጂታሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይሁን፣ አንዱ በሌላ ቤት፤ በተጨማሪ አንድ ቅጂ በኢንተርኔት ማከማቻ። ነገሩ በሕግ ወይም በቤተሰብ ሊያስጠይቅ በሚችልበት አገር፣ ኢትዮጵያንና የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ጨምሮ፣ የምትሠሩ ከሆነ ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆልፉ፤ የሠራችሁበትን የጋራ ኮምፒውተር የቅርብ ጊዜ ፋይሎች ዝርዝርም አጥፉ።

ደረጃ 10፦ የሚታይና የማይታይ ለዩ

ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር ማለት ዛሬ በስም እንዲፈለግ መፈቀድ አለበት ማለት አይደለም። የ1960ዎቹ የፖሊስ ዜና ሙሉ ስም፣ ዕድሜና የቤት ቁጥር ያትም ነበር። የተያዘው የ20 ዓመት ወጣት ዛሬ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በአደባባይ ያልታወቀ ሰውን የሚመለከት የቅርብ ዘመን ቁራጭ ሲሆን ስሙንና አድራሻውን በማሳያው ቅጂ ላይ ሸፍኑ፤ ዋናው ሳይነካ ተቆልፎ ይቀመጥ። የፋይሉን ስም የሚረሱ ብዙዎች ናቸው፤ ምስሉ ተሸፍኖ የፋይሉ ስም ውስጥ የሰውየው ስም ካለ ልፋቱ ከንቱ ነው።

የቅጂ መብትም አለ። በአሜሪካ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ጽሑፍ ነፃ ነው። በእንግሊዝ የጸሐፊው ስም ከታወቀ ከሞተ 70 ዓመት፣ ካልታወቀ ከታተመ 70 ዓመት ማለፍ አለበት። ከዚያ የቀረበውን ለግል ጥናት ያዙት እንጂ ያለ ፈቃድ ሙሉውን አትለጥፉ።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

ላሚኔት ማድረግ። ሙቀቱና ሙጫው ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳሉ፣ አሲዱም ውስጥ ታፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። መልሶ ማውጣት የለም።

ወረቀቱን «ማከም»። የሆድ መድኃኒት የሆነውን ማግኒዥያ በጋዝ ውኃ በጥብጦ ቁራጩን መንከር የሚል የቤት ውስጥ አሠራር ይዘዋወራል። የማኅተም ቀለምና የእስክሪብቶ ማስታወሻ በውኃ ይሟሟል፣ ደረቅ ጋዜጣም እርጥብ ሲሆን በራሱ ክብደት ይቀደዳል። አሲድ ማርከስ ካስፈለገ ለባለሙያ ይሰጥ።

የተቀደደን በስኮች መጠገን። ሙጫው ይቢጫል፣ ከዚያ ይፈሳል። ተቀድደው የተለያዩትን ክፍሎች በአንድ የፖሊስተር ከረጢት ውስጥ አጠጋግቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

የታጠፈ ደረቅ ቁራጭን በኃይል መዘርጋት። እጥፋቱ ላይ ይሰበራል። ካልተዘረጋ ታጥፎ እንዳለ የሚታየውን ያህል ስካን አድርጉና ለባለሙያ ተዉት።

ስካን ካደረጉ በኋላ ዋናውን መጣል። ጀርባው፣ የቁራጭ ድርጅቱ ወረቀት፣ የሰብሳቢው የእጅ ጽሑፍ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ያስፈልጋሉ።

ካርቶኑን ማቆየት የማትችሉ ከሆነ የሚቀበሉ ቦታዎች አሉ። በለንደን ቢሾፕስጌት ተቋም ከ200,000 በላይ ቁራጮች ያሉትን የላግና ስብስብ ይይዛል፤ በካናዳ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የትራንስጀንደር ቤተ መዛግብት፣ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላባዲ ስብስብም አሉ። አስቀድማችሁ ሳትጽፉ ምንም አትላኩ። በደብዳቤው ላይ ስንት ካርቶን እንደሆነ፣ ከየት ዓመት እስከ የት ዓመት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሰበሰበው ግለጹ፣ በደረጃ 1 ያነሳችኋቸውን ፎቶዎችም አያይዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እነዚህን ነው።